በመኪና አልገባሁም

በመኪና አልገባሁም። ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይጻፍልኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሌሊቱን ብስክሌት ነድቼ፣ ጠዋት ፔዳሉን በገዛ እግሬ እየረገጥኩ ከተማዬ ገብቻለሁ። ሕዝብ በሞላበት ሜዳ፣ ቄሱም ሼሁም ባሉበት ግን «እማማ ደክሟቸው በመኪና ገብተዋል» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ውሸት ነው። ውሸቱ በድምፅ ማጉያ ከተነገረ እውነቱም በድምፅ ማጉያ ይነገር ብዬ ስንት ዓመት ጠየቅኩ። ልጆቼ «እማዬ፣ ይብቃሽ፣ ተይው» አሉኝ። የልጅ ልጆቼም ሰለቹኝ። እኔ ግን አንድን ነገር ካልሆነበት ቦታ አስቀምጠውት ሳይ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እገላበጣለሁ፣ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ብስክሌት ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ብስክሌት ያከራይ፣ ይጠግንም ነበር። እሱ ሲሞት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ብስክሌቶቹን ሽጪና ጠላ ቤት ክፈቺ» አለኝ። ጠላ ቤት ማለት ቁጭ ብሎ ሰካራም መጠበቅ ነው። ቁጭ ማለት ደግሞ ከልጅነቴም አይሆንልኝም፤ እናቴ እንኳ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ካላማዳሪያ መለጠፍ፣ ሰንሰለት መቀጠል፣ ፍሬን ማጥበቅ ተማርኩ። የጠገንኩትን ሳልሞክር ለሰው መስጠት አልወድም። ጎሕ ሲቀድ፣ መንገዱ ላይ ሰው ሳይኖር፣ አስፋልቱ ላይ እየወጣሁ እሞክር ነበር። ጉልበቴ ስንት ጊዜ ተላጠ። በኋላ ጨለማ መጠበቁን ተውኩትና በጠራራ ፀሐይ መንዳት ጀመርኩ። «የእገሌ ሚስት ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አሉ። ቆይተው ለመዱኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነበር በእግሬ የምሄደው።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ የከተማው ወጣቶች ኮሚቴ አቋቋሙ። ያኔ ኮሚቴ የማይቋቋምለት ነገር አልነበረም፤ ይኼኛው ግን ደግ ሐሳብ ይዞ ነበር። ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት ቤት ከሆስፒታሉ አጠገብ ይሠራ ተባለ። ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ግን ከየሰፈሩ አይጠፋም። እና ወጣቶቹ ዘዴ ፈጠሩ፤ ከየሰፈሩ አንድ ነጂ ይውጣ፣ ቡሬ ደርሶ በብስክሌት ከተመለሰ ሰፈሩ ቃል የገባውን ያመጣል። ቀን መንገዱ የአይሱዙ ስለሆነ ጉዞው በሌሊት ይሁን አሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የስፖርት መምህር ነው። ብስክሌት የለመደው በእኔ ብስክሌት ነው፤ ወድቆ ከንፈሩ ሲሰነጠቅ ደሙን የጠረግኩለት እኔ ነኝ። ጓደኞቹን አስከትሎ ቤቴ መጣ።

«እማማ፣ ብስክሌቶቹን ያውሱን። እርስዎ ደግሞ ይመርቁን» አለኝ።

«ብስክሌቶቹን ውሰድ። ምርቃቱን እየነዳሁ እመርቃለሁ።»

«እንዴ! እርስዎ ሊነዱ?»

«ብስክሌቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«እግሩስ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ሰው ምን ይለናል፣ እማማ? ትልቅ ሰው በሌሊት አንገላቱ አይሉንም?»

«እሷ ናት ያንገላታችን በላቸው» አልኩት።

የሄድኩት ለጨዋታ አልነበረም። የመጨረሻ ልጄን የወለድኩት መንገድ ላይ ነው። ያኔ ገጠር ነበርን። ምጡ ሲጠናብኝ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወደ ከተማ ሲገሰግሱ፣ ሳንደርስ፣ ከአንድ ሾላ ሥር ወለድኳት። ልጅቱም እኔም በሕይወት ተረፍን። በዚያው ሰሞን በዚያው መንገድ የተሸከሟት የባለቤቴ እህት ግን አልተረፈችም። ስለዚህ ሌሎቹ ለሰፈራቸው ስም ይነዱ ነበር፤ እኔ የምነዳው ለዚያ ቤት ነበር፤ የእኔ ሰፈር ድርሻ ደግሞ ብርድ ልብስ ነበር።

ብርድ ልብሱን የምታዋጣው ጎረቤቴ ናት፤ የጨርቅ ነጋዴ፣ የእኔው እኩያ። በጾማችንም በጾማቸውም አብረን የኖርን ነን። ሱቋ ደጃፍ ላይ፣ ገበያተኛው እየሰማ፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ስሚ አንቺ! እኔ ለአንቺ ስል በሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ። ወላሂ፣ መኪና ላይ ከወጣሽ ዓይንሽን አላይም።»

«መድኃኔ ዓለምን፣ አልወጣም!»

«ዳገቱ ላይ ጉልበትሽ ቢከዳሽስ?»

«ከወረድኩም ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ እመጣለሁ እንጂ መኪና ላይ አልወጣም።»

እንግዲህ የማልኩት በሰው ፊት ነው።

ወደ ማታ ላይ ተነሳን። የባለቤቴን ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለበስኩ። ባትሪ መብራቴን ከመሪው ጋር በአሮጌ ካላማዳሪያ ጠፍሬ አሰርኩ። ጋቢዬንም ደረብኩ። ያቺን ጋቢ ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ አንድ ጊዜ ሰንሰለት በልቷት፣ ነጭ ክር አጥቼ በአረንጓዴ ክር የሰፋኋት ናት። ወጣቶቹ ፉጨት ሲሰሙ እንደ ተፈታ ጥጃ ፈረጠጡ። እኔ በራሴ ልክ ተከተልኩ።

ሌሊት ብስክሌት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገቱ አይታይም፣ ጭንህ ላይ ብቻ ይሰማሃል። ቁልቁለቱ ደግሞ ዓይንህን በብርድ ያስነባሃል። በየመንደሩ አፋፍ ውሻ ይቀበለናል፣ ውሻ ይሸኘናል። ቡሬ ስንደርስ ሻይና ዳቦ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ልጆቹ በየግንቡ ሥር ተጋደሙ። እኔ መጋደም አልቻልኩም፤ ከብስክሌት ብስክሌት እየዞርኩ ጎማ ስጫን፣ መንፊያ ስፈልግ፣ ሰንሰለት ስነካ ቆየሁ። ሰብሳቢው «እማማ፣ ኧረ ለአፍታ እንኳ አረፍ ይበሉ» ቢለኝ «ካረፍኩ ጉልበቴ ይነቃብኛል፤ እንዲህ እንደተኛ ልውሰደው» አልኩት።

ስንመለስ ልጆቹ ቀድመውኝ ሄዱ። ኮሚቴው የለመነው አንድ አሮጌ ፒካፕ ነበር፤ የመጨረሻውን ሰው እንዲጠብቅ ታዟል። የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነኝ። መብራቱን ከኋላዬ እያበራ ሲከተለኝ የራሴ ጥላ ከፊቴ ረዝሞ፣ መንገዱን ሞልቶ ይሄድ ነበር። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ እያለ ይነዘንዘኛል።

«እማማ፣ ይውጡና ይረፉ እንጂ! ይኼ ሞተር በእርስዎ አካሄድ ሄዶ ይታመምብኛል።»

«ከታመመ ገመድ አምጣ፣ እኔ እጎትትሃለሁ።»

«ሚስቴ የት አደርክ ብትለኝ ከአሮጊት ኋላ ልበላት?»

«እውነቱን ከተናገርክ ምን ትፈራለህ?»

እንዲህ እየተባባልን ከቡሬ ራቅን። ገና ሊነጋ ሲል፣ ከግራ በኩል ካለው የገጠር መንገድ የባትሪ ብርሃን ሲወዛወዝ አየሁ። እያለከለኩ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ገና ሳላያቸው አውቄዋለሁ፤ ቃሬዛ ነው። በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ አያልፍም። ወርዶ ትከሻውን ያቀብላል፣ የደከመውን ይለውጣል። ብስክሌቴን ሳር ላይ ጣልኩና ሮጥኩ። ቃሬዛው ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተጠቅልላለች፤ ምጥ ከያዛት ቆይቷል። አማቷ ሆዷን እየደገፈች ከጎን ትሮጣለች። ባሏ ከፊት ተሸክሟል።

መኪና እያለ ትከሻ ምን ያደርጋል? ሾፌሩን «ና፣ ጫናቸው!» አልኩት።

ከመኪናው ወርዶ እጁን አማታ። «እማማ፣ እኔ እኮ እርስዎን ጠብቅ ነው የተባልኩት።»

«እኔ እግር አለኝ። እሷ የላትም።»

«እሺ፣ እርስዎም ይግቡ። እዚህ ጥዬዎት ብሄድ ይገድሉኛል።»

መኪናውን አየሁት። ከፊት ምጥ የያዛትና አማቷ ሞሉት። ከኋላ የሰው ቦርሳና የተበላሸ ብስክሌት ተጭኗል፤ ባሏ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ። ለእኔ ተጠጋግተው ቦታ አይጠፋም ነበር። እኔ ግን ምዬ ነው የወጣሁት። «ሂድ!» አልኩት። አልነቃነቅ ሲል የመኪናውን ጎን በመዳፌ መታሁት፤ በሬ እንደሚነዳ ሰው። አማቷ ከላቧ የተነሳ ብርድ ያንቀጠቅጣት ነበር። ጋቢዬን አውልቄ በራሷ ላይ ጣል አደረግኩላት። መኪናው ሄደ፤ መብራቱ ከዓይኔ ጠፋ፤ ጥላዬም ጠፋ።

የተሸከሙት ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ይዘው ቀሩ። «ብቻዎን አንለቅዎትም» ብለው እኔ ስነዳ እነሱ ከጎኔ እየሮጡ ሊያጅቡኝ ሞከሩ። ባዶ ቃሬዛ ተሸክሞ ብስክሌት ተከትሎ የሚሮጥ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ በወደቅኩ ነበር። ጥቂት ሄደው ትንፋሻቸው ሲያጥር ቆሜ «በሉ ግቡ፣ ተባረኩ፣ የዛሬ ሸክማችሁ ይበቃል» ብዬ መለስኳቸው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ጀርባዬ ያለ ጋቢ ቀዘቀዘ። ጅብ ከሩቅ ይጮኻል። ባትሪዬ እየደከመ ከጎማው ፊት ያለችውን መሬት ብቻ ያሳየኛል። ስለዚያች ሴት አስባለሁ፤ ደረሰች ይሆን? አልደረሰች ይሆን? ሐሳቡ እግሬን ያስረግጠዋል፤ እግሬ ሲረግጥ ሐሳቡ ይብሳል። ማንኩሳን ሳልፍ ወገግ አለ። ወደ ከተማችን መግቢያ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ከብስክሌቶቼ አንዷ፣ ቢጫዋ፣ ከባሕር ዛፍ ላይ ተደግፋ ቆማ አየሁ። ነጂዋ ለሽንት ወደ ጫካው የገባ መሰለኝና፣ እንዳይሳቀቅ ብዬ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ አለፍኩ።

ሜዳው ስደርስ ድንኳን እየታጠፈ ነው። ለነጂዎቹ የአንገት ልብስ ታድሎ፣ ምርቃቱ አልቆ፣ ሕዝቡ ተበትኗል። ጎረቤቴ ከሆስፒታሉ በኩል ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። ስታየኝ ቆመች።

«አንቺ! የት ነበርሽ? በመኪና ገባች ብለው አወጁ እኮ! ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ጋቢሽን አየሁና በንዴት ስገልጠው የማላውቃት ሴት ሆነች! ደነገጥኩ፣ እሷም ደነገጠች!»

«ምጥ የያዛትስ?»

«ተገላገለች፤ ሴት ናት።»

ይኼኔ ነው ከብስክሌቱ የወረድኩት።

ጎረቤቴ አመነችኝ። ሌላው ግን የሰማው በድምፅ ማጉያ ነው። ጎረቤቴ ለሰው ስትናገር «ታዲያ ሌላ መኪና አግኝተው ይሆናል፤ ከከተማው ጫፍ ወርደው ነድተው ገቡ» ይሏታል። የወላዷ አማት ጋቢዬን አጥባ፣ ማር ይዛ በገበያ ቀን መጥታ «እኔ መንገድ ላይ ትቻቸው ነው የመጣሁት» ብትላቸው «እርስዎ ከሄዱ በኋላ የሆነውን በምን ያውቃሉ?» አሏት። ብስክሌት ሊከራዩ የሚመጡ ጎረምሶች «እማማ፣ መኪና ላይ የምትጫነዋ የትኛዋ ናት? እሷን ያከራዩን» ይሉኛል። ብርድ ልብሱ ተሰጠ፤ ግን ሰፈራችን ቃሉን ሞልቶ ሳይሆን ለነፍስ ብሎ እንደሰጠ ተቆጠረ። ኮሚቴው ለእኔ ዣንጥላ ላከልኝ። ላጀቡ ሰዎች የሚሰጥ ነው አሉኝ። ማንን ነው ያጀብኩት? ሳልዘረጋው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። «እማማ፣ ዋናው ዓላማው አይደል? ቤቱ እየተሠራ ነው» አለኝ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «አጀንዳ ላይ የለም፤ ይቀመጡ» አለኝ ስብሰባውን የሚመራው ሰው። ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ምን እንደተባለ አላውቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ ያ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ሥራ ለውጦ መራዊ ገብቷል ቢሉኝ በአውቶቡስ ተሳፍሬ መራዊ ሄድኩ። በቆሎ ከሚጭኑ ሰዎች መካከል አገኘሁት። ሲያየኝ ከጆንያው ላይ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ።

«ልጄ፣ መኪናህ ላይ ወጥቻለሁ?»

«ኧረ አልወጡም፣ እማማ።»

«ታዲያ ና ይኼንኑ ተናገርልኝ።»

መሬት መሬት አየ። «ያን ጠዋት ለሰብሳቢው ሁሉን ነግሬዋለሁ። እሱን ይጠይቁት። እኔን አያናግሩኝ» አለኝ።

ሁሉን ነግሬዋለሁ! ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ ነበረኝ፤ ግን ብረቱን ይዤ ቆሜ መጣሁ። ረዳቱ «እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» ሲለኝ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። አንድ ጎልማሳ እኔ ቆሜ መቀመጡ ከብዶት ተነሳ። ከዚያ ሌላው ተነሳ። ባዶ መቀመጫ እያለ ግማሹ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ።

ክረምቱ አልፎ፣ ሌላም ክረምት አልፎ የእናቶቹ ቤት ተጠናቀቀ። ለምረቃው ድንኳን ተጣለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ከዞን እንግዶች መጡ። ለእኔም ከፊት መስመር ወንበር ይዘውልኛል፤ ክብሩንስ አላጎደሉብኝም። ሆን ብዬ ዘግይቼ፣ ዣንጥላውን እንደታጠፈ ይዤ ገባሁ።

ሕዝቡ እንደ ወጉ ተነሳ። «ኖር!» አለኝ።

ገቢው «በእግዜር» ሲል ነው ሰው የሚቀመጠው። እኔ ዝም አልኩ። ወንበሬ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሰው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ አየኝ፣ መልሶ ቀጥ አለ። ከዞን የመጣ አንድ ባለ ከረቫት ቁጭ አለና ግራ ቀኙን ሲያይ ብቻውን መሆኑን አውቆ ተነሳ።

ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያው ጋ ነበር። «እማማ፣ ይቀመጡልን» አለ።

«መልሴን ስሰማ እቀመጣለሁ።»

«ከፕሮግራሙ በኋላ...»

«እኔም ከፕሮግራሙ በኋላ እቀመጣለሁ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጎረቤቴ ናት፤ ድምጿን አውቀዋለሁ። አንድ መቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ የምትመልስላትን መልስላት! ጉልበቴን አመመኝ» አሉት። ድንኳኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የሸራው ጫፍ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያውን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ሊነግረኝ ፈለገ። በዣንጥላው ጫፍ ወደ መጣበት አመለከትኩት።

«በጆሮዬ አይደለም የተነገረው። እዚያ ነው።»

ተመለሰ። የተሰነጠቀችውን ከንፈሩን በእጁ ሲነካካ አየሁት፤ በልጅነቱም ሲፈራ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ከዚያ ተናገረ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ መናኸሪያው ድረስ ያሰማው ነበር።

«ያን ጠዋት ሾፌሩ ሆስፒታሉ በር ላይ ነገረኝ። ምጥ የያዛት ሴት አግኝተው፣ እሳቸው ራሳቸው አዘውኝ፣ በጨለማ ብቻቸውን ትቻቸው መጣሁ አለኝ። ወደ ሜዳው ስመለስ ሰው ሁሉ እማማስ ይላል። ቄሱ ጠየቁኝ፣ ሼሁ ጠየቁኝ፣ እናቴ ጠየቀችኝ። ትልቅ ሰው በሌሊት መንገድ ላይ ጥለን መጣን የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ጋቢዎን ሰው መኪናው ውስጥ አይቶት ነበር። በመኪና ገብተዋል አልኩ። ከዚያ ቢጫዋን ብስክሌት ይዤ ልፈልግዎት ወጣሁ። ከድልድዩ ማዶ ሲመጡ አየሁዎት፤ ያለ ጋቢ፣ እየነዱ። ምን ብዬ ፊትዎ እቆማለሁ? ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቼ እስኪያልፉ ተደበቅኩ። አልተሳፈሩም፣ እማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። በብስክሌትዎ ነው የገቡት። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ይቀመጡልን፤ ሰዉ ቆሞ ቀረ።»